አልገባኝም ባይዋ

ያን ቀን ጠዋት ብየዳ አልገባኝም። ከምሳ በፊት የንብ እርባታ ሳይገባኝ ቀረ። ከሰዓት በኋላ የእባብ መድኃኒት እንዳይገባኝ ተመድቤ ስለነበር ነጭ ገዋኔን አውጥቼ ተኮስኩ።

ከወገቤ በላይ ያለው ልብስ እንደ ክፍሉ ይለዋወጣል። ለብየዳ ሰማያዊ ቱታ፣ ለንብ መረብ ያለው ባርኔጣ፣ ለሕክምና ገዋን እለብሳለሁ። ከወገቤ በታች ዓመቱን ሙሉ ጋቢ ነው። ደብረ ብርሃን ስንት ነገሯ ተለውጦ ብርዷ ግን አልተለወጠም። ካሜራው ደረቴ ላይ ስለሚያበቃ ስለ ጉልበቴ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ስሜ ሶልያና ነው። የእኔ እድሜ ሴቶች ግማሾቹ ሶልያና፣ የቀሩት ሄራንና ኤልዳና ስለሆኑ ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኗል። ሥራዬ በውሌ ላይ «የተሳትፎ ደጋፊ» ይባላል፤ ሕዝቡ ግን አስጠያቂ ይለናል፣ አስለቃሽ እንደሚባለው። ለቅሶ ቤት የሰዉ ሁሉ እንባ ዓይኑ ሥር ደርሶ ጀማሪ ሲጠፋ አስለቃሿ አንድ ግጥም ትጥላለች። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላል! ክፍልም እንደዚያው ነው። ሠላሳ አርባ ሰው ጥያቄውን ጉሮሮው ላይ ይዞ ዝም ይላል። እኔ «ይቅርታ መምህር፣ እኔ ብቻ ልሆን እችላለሁ፣ ግን አልገባኝም» እላለሁ። ወዲያው አንዱ «እኔም ልጠይቅ ነበር» ይላል።

ሕጉ የወጣው ከዝምታው ዘመን በኋላ ነው። ያኔ ትምህርት ሁሉ ስክሪን ውስጥ ገብቶ ነበር። ተማሪው ካሜራውንም ማይኩንም ዘግቶ፣ ጥቁር ሳጥን ላይ ስሙን ብቻ ትቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አንድ የሒሳብ መምህር እያስተማረ ወንበሩ ላይ እንዳለ ሕይወቱ አለፈ። ሰዓቱ ሲሞላ ተማሪዎቹ ተራ በተራ «እናመሰግናለን መምህር» ብለው ጽፈው ወጡ። ከዚያ በኋላ የወጣው ሕግ አጭር ነው፤ ተማሪ ያልጠየቀበት ትምህርት ትምህርት አይባልም ይላል። ካሜራ አይዘጋም። ለመምህሩ ጥያቄ ሳይቀርብ ከቆየ ስክሪኑ መደብዘዝ ይጀምራል። ዝምታው ከቀጠለ ጨርሶ ይጠፋል፤ ያ ክፍል እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ማንም ምስክር ወረቀት አያገኝም። «ገብቶናል» ማለት አይቆጠርም፤ «እናመሰግናለን»ም እንደዚያው።

ሕግ ሲወለድ ማምለጫውም መንትያው ሆኖ ይወለዳል። ጠያቂ የሚያከራዩ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፣ እኔም ተቀጠርኩ። ልመካ ካላችሁኝ በዚህ ሥራ የሚተካከለኝ የለም። ጀማሪ አስጠያቂ ቶሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄ ያዘጋጀ ሰው ደግሞ ዓይኑ ያስታውቃል። እኔ መጀመሪያ አንገቴን እደፋለሁ። ጆሮዬን እነካካለሁ። ልናገር ብዬ እተወዋለሁ፣ ከዚያ እንደገና እጀምራለሁ። ብልህ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፤ ብልህ ጥያቄ ሌላውን ያሳፍረዋል፣ ክፍሉንም የባሰ ያስረዋል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። እኔ ደጃዝማች ባልሆንም ከመናገር እንጀራዬን አግኝቻለሁ።

የእባቡ ክፍል ተማሪዎች አርባ ጤና ረዳቶች ነበሩ። የሰሊጥ አጨዳ ሲጀመር ወደ ቆላ ወርደው እያንዳንዳቸው በአንድ እርሻ ላይ ብቻቸውን ይመደባሉ። አጨዳ ላይ እባብ ብዙ ነው። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ስለሚወርድ ልጆችም ነዶው መሐል ይውላሉ። ሆስፒታሉ ሩቅ ስለሆነ መርዙ እዚያ እስኪደረስ አይጠብቅም፤ ማርከሻው የሚሰጠው እዚያው እርሻው ላይ፣ በጤና ረዳቱ እጅ ነው። ክፍሉን የጨረሰ መድኃኒቱን ተረክቦ ይወርዳል፤ ያልጨረሰ ይቀራል።

መምህሯ ዶክተር ረድኤት ትባላለች። ፈጣን ናት፣ ቃል አታባክንም፣ ሥራዋን ትወዳለች። ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ቅጥር ጠያቂ እንዳለ ታውቃለች፤ ማን እንደሆነ ግን ለመምህር አይነገርም። እዚያ ክፍል ስሜ ኤፍራታ ነበር፤ ያወጣልኝ ኩባንያው ነው።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሦስት ክፍለ ጊዜ ሲቀረው ስለ መጠን ተማርን።

«የማርከሻው መጠን የሚወሰነው በገባው መርዝ ነው» አለች ዶክተር ረድኤት። «በታካሚው ክብደት አይደለም። ገባችሁ?»

«ገብቶናል!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

«ገብቶናል» በእኛ አገር ለመምህር የሚሰጥ ሰላምታ ነው። «ደህና ነኝ» እንደማለት ስለሆነ የታመመም ይለዋል። የስክሪኑ ጠርዝ መደብዘዝ ሲጀምር ጆሮዬን ነካክቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ልተወው ብዬ ተናገርኩ።

«ይቅርታ ዶክተር… እኔ ብቻ ልሆን እችላለሁ። ስለ ክብደት ያሉት አልገባኝም።»

ብርሃኑ ተመለሰ። ዶክተር ረድኤት መምህር ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ያንኑ ቃል ዘገም ብላ ደገመችው። ተከትለውኝ ሁለት ሰዎች ጠየቁ። አንዱ የመድኃኒቱ ሣጥን ቁልፍ አለው ወይ አለ፤ አንዷ ምስክር ወረቀቱ መቼ ነው የሚደርሰን አለች። ክፍሉ በሰላም አለቀ።

ሲያልቅ ሰው ወዲያው አይወጣም። ስክሪኑ ላይ «በረንዳ» የሚባል ቦታ አለ። ፊቶቹ እዚያ ተራርቀው ይቆያሉ፤ ሁለት ሰው ሲቀራረብ ሌላው ሳይሰማው ያወራል። አስጠያቂ በረንዳ ላይ አይቆምም፤ ውላችን ይከለክላል። ልወጣ ስል አንድ ሽበታም ሰው ጠራኝ።

«እህቴ! አንች የጠየቅሽው! እስቲ ትንሽ ቁሚ።»

ትልቅ ሰው ጠርቶኝ ጥዬው ልሂድ? ያንን ውል የጻፈው ሰው እናት አላሳደገችውም መሰለኝ። ቆምኩ።

ጋሽ ማክቤል ይባላሉ። ከኋላቸው የቆርቆሮ ግድግዳና የታሰረች ፍየል ይታያል። ሠላሳ ዓመት በጤና ረዳትነት ሠርተዋል፤ ይህን የነገሩኝ ከስማቸው ቀጥሎ ነው።

«ሳይገባሽ ስትቀሪ አንጀቴን በላሽው» አሉኝ። «አይዞሽ፣ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እኔ ላስረዳሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ከባድ እኮ አይደለም። ክብደት አይታይም ያለችው ለአዋቂ ነው። ቀጭንም ይሁን ወፍራም አንድ ነው ማለቷ ነው። ልጅ ከሆነ ግን ግማሽ ትሰጫለሽ።»

«ግማሽ?»

«መድኃኒት ሁሉ ለልጅ ግማሽ አይደለም እንዴ? ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት። በጣም ሕፃን ከሆነ ደግሞ ሩብ። አየሽ፣ ቀላል ነው።»

ይህን ትምህርት ባለፈው ዓመትም በሌላ መምህር ክፍል አልገባኝም ስል ስለከረምኩ በደንብ ገብቶኛል። ማርከሻው የሚዋጋው ከመርዙ ጋር ነው። ልጅም አዋቂም ሙሉውን ይወስዳል፤ ግማሽ የተሰጠው ልጅ ይሞታል። ይህን የሚያህል ደግ ሰው በቅን ልቡ ልጅ ሊገድል ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ እኔስ ለልጅም ሙሉ ነው ሲሉ የሰማሁ መስሎኝ…» አልኳቸው።

ሳቁ። የክፋት ሳቅ አይደለም። «አንች አልገባኝም ያልሽው አይደለሽ? እመኚኝ ልጄ።»

የራሴ ሙያ አፌን ዘጋኝ። ዓመታት ሙሉ የማይገባት ሴት መስዬ ለመታየት ደክሜያለሁ፤ ተሳክቶልኛል። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ሊያጽናኑኝ ጠጋ አሉ። «ለልጅስ ስንት ነው?» ስላቸው አንዷ ግማሽ አለችኝ፣ ሌላዋ ሲሶ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። አጥናፉ ይባላል፤ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። የዘንድሮ ወጣቶች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መልሰው ስለወሰዱ አጥናፉና ድንቅነሽ የሚባሉት ሁሉ ገና ጢምና ጡት ያበቀሉ ናቸው።

«እትዬ ሶልያና፣ በረንዳ ላይ ቆመዋል» አለኝ ሰላም ሳይለኝ።

«ቆሜያለሁ። ስማ፣ ሰዎቹ አልገባቸውም። ለልጅ ግማሽ ሊሰጡ ነው።»

«የእኛ ሥራ ክፍሉ እንዳይደበዝዝ ነው እትዬ። ገባቸው አልገባቸው የእኛ ጉዳይ አይደለም።»

«ፈተናው ላይ ይታያል በለኛ።»

«ፈተና እኮ ከቀረ ቆየ። የሚቆጠረው ተሳትፎ ነው።» ክፉ ልጅ አይደለም። «ከፈለጉ ስማቸውን ይስጡኝና ላሳውቅ። ይሰረዛሉ።»

«ከተሰረዙ እርሻው ላይ ማን ይወርዳል?»

«ዘንድሮ ሌላ ሰው የለም።»

ስም አልሰጠሁትም። ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስቱም ከተሳሳቱ ክፍሉ ሁሉ እንደዚያው ነው ማለት ነው፤ አርባ እርሻ ያለ ጤና ረዳት ማስቀረት አልፈለግሁም። ሕጉ አንድ ደግ ጎን አለው። ሌላ ሰው የጠቆመበት ተማሪ ይሰረዛል፤ ራሱ በአፉ «አልገባኝም» ያለ ግን አይነካም። እኔ ደግሞ በዚህ ቃል ነው የምተዳደረው። ነገ ፍርጥ አድርጌ እጠይቃለሁ፣ ሁሉም ይሰማል፣ ያበቃል ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ መደብዘዙን እንኳ አልጠበቅሁም።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ለልጅ ግማሽ ነው የሚሰጠው?»

«አይደለም» አለች ዶክተር ረድኤት። «ለልጅም ሙሉውን ነው።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ የለም። ሁልጊዜ ስጠይቅ ዓይኔ መምህሩ ላይ ነው፤ ሥራው እንደዚያ ይላል። ያን ቀን ግን እንዴት እንደሚቀበሉት ለማየት ወደ ተማሪዎቹ ፊት ተመለከትኩ። አንዷ ውሃ ትጠጣለች። አንዱ ዞሮ ከበር ውጭ ያለ ልጅ ይቆጣል። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ያሻሻል። ጋሽ ማክቤል ተነሥተው ፍየሏን ሊፈቱ ሄደዋል፤ ባዶ ወንበራቸው ብቻ ይታያል። «ይቅርታ ዶክተር» ስል የእረፍት ደወል የተደወለ ያህል ሰው ሁሉ ተበትኗል። እኔ ስጨርስ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ገባችሁ?»

«ገብቶናል!»

አፈርኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ስንት ዓመት ሰው አስጠያቂ ነኝ ብዬ ስኮራ ሰው አሳራፊ ሆኜ ኖሬያለሁ።

በዚህ ቀን በረንዳ ላይ የጠራሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ዶክተሯ ዛሬ ለጥያቄዬ ምን አሉ?»

«ያው ትናንት ያልኩሽን ነዋ።»

«እርስዎ ትናንት ምን አሉኝ?»

«ለልጅ ግማሽ። ምነው፣ አሁንም ጠፋሽ?» ራሩልኝ መሰል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን መጠየቅሽን አትተይ። በየክፍሉ አንድ ጠያቂ አያሳጣን። ክፍሉ አይጠፋብን፣ እኛም ትንፋሽ እናገኛለን።»

ሙሉ ነው ብላቸው እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። የማውቀው ሥራ አንድ ነው፤ እሱን ሠራሁ። አንገቴን ደፋሁ። ጆሮዬን ነካካሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም።»

«ጠይቂ፣ ጠይቂ።»

«እባቡ ልጅ ሲነድፍ መርዙን ይቀንሳል?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ልጅ ናት ብሎ ግማሹን ብቻ ነው የሚረጭባት? ወይስ ለአባቷ የሚሰጠውን ያህል ነው የሚሰጣት?»

ጢማቸውን ያዙ። ፍየሏ ከኋላ ጮኸች፤ አልዞሩም።

«እባብ ምን ልጅ ያውቃል» አሉ ቆይተው፣ ለራሳቸው ያህል።

«ታዲያ እኛ ለምን እንቀንሳለን?»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ሞኝ አይደለም፤ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው እንጂ።

«ዶክተሯን ይጠይቋት ጋሼ» አልኩ።

«እኔ?» ደነገጡ። «በዚህ ሽበት? ከሥሬ የተማሩ ልጆች አብረውኝ ተቀምጠው? ማክቤል አልገባውም ይባል?» ከዚያ ልመና መጣ። «አንች ነሽ የለመድሽው። ለእኔ ብለሽ ነገ ጠይቂልኝ።»

«እኔ ስጠይቅ እርስዎ ፍየል ሊፈቱ ይሄዳሉ።»

ይህን ስል ከፋኝ፤ ለትልቅ ሰው የሚባል አይደለም። ፊታቸው ጠቆረ፣ «እግዜር ያሳይሽ» ብለው ከበረንዳው ወጡ። ነገሩን ያበላሸሁት መሰለኝ።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ገዋኔን ለብሼ ገባሁ። ውሳኔዬን ጨርሻለሁ፤ አልጠይቅም። እኔ ካልጠየቅሁና ሌላም ካልጠየቀ ክፍሉ ይጠፋል፣ አርባውም መድኃኒቱን አይረከቡም፣ እኔም ከሥራ እባረራለሁ። ይህን ሁሉ መዝኜዋለሁ። ልጆች ያሉበት እርሻ ላይ ግማሽ የሚሰጥ ጤና ረዳት ከሚወርድ ማንም ባይወርድ ይሻላል፤ ማርከሻ የሌለበት ሰው ቢያንስ የተነደፈውን ተሸክሞ ይሮጣል።

ዶክተር ረድኤት ስለ አወጋግ አስተማረች፣ ስለ ፋሻ አስተማረች። ከዚያ ቆመች።

«ወደ እርሻ ከመውረዳችሁ በፊት ጥያቄ ያለው?»

ማንም የለም። ጠርዙ ደበዘዘ። ሁሉም ተመቻችቶ ተቀምጦ ይጠብቃል። የውሃ ጠርሙሳቸውን ያነሡም አሉ፤ እረፍታቸው መድረሱን ያውቃሉ። እኔ እጆቼን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ።

የስክሪኔ ጥግ ላይ የአጥናፉ ጽሑፍ ብቅ አለ። «ይጠይቁ።»

የዶክተሯ ነጭ ገዋን አመድ መሰለ። ጠርሙስ ያነሡት መልሰው አስቀመጡ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ፣ ሳል ብቻ ሆነ።

«እትዬ ሶልያና ማይክዎ ተበላሸ?»

ፈራሁ። ጋሽ ማክቤል ፊታቸውን ደፍተው ጢማቸውን ይዘዋል። ዛሬ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ አልተነሡም። ግን አይናገሩም።

በረንዳ ላይ ሲሶ ያለችኝ ሴት አላስቻላትም።

«ኤፍራታ፣ እህቴ» አለች በሁሉም ፊት። «ዛሬስ ምነው? ገባሽ እንዴ?»

ለመምህር ያልቀረበ ጥያቄ ስለማይቆጠር ብርሃኑ አልተመለሰም። አርባ ፊት እኔን ያያል። ዶክተሯም አየችኝ።

«አዎ» አልኩ። «ገብቶኛል።»

እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይቼ አላውቅም። ኤፍራታ ከገባት ያልገባው ማን ቀረ? ሰው ሁሉ በስውር የጎረቤቱን ፊት መመርመር ጀመረ። ፊቶቹ እየጠቆሩ ሄዱ፤ የጥርስና የዓይን ነጭ ብቻ ይለያል። የአጥናፉ ጽሑፍ አሁን ልመና ሆኗል፤ አላነበብኩትም።

«ዶክተር።»

ድምፁ ሻካራ ነው። መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ጨለማ ነበር።

«ዶክተር፣ ማክቤል ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ።» ትንፋሻቸው ይሰማል። «አልገባኝም።»

ብርሃኑ በአንድ ጊዜ መጣ። ጋሽ ማክቤል ዓይናቸውን አጥብበው፣ ላባቸው ግንባራቸው ላይ ወርዶ ይታያሉ።

«እኔ ለልጅ ግማሽ ልሰጥ ነበር የምወርደው» አሉ። «ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እባቡ ለልጅ ብሎ መርዙን አይቀንስም። እሱ ካልቀነሰ እኛ ስለ ምን እንቀንሳለን? ወይስ የልጅ ሰውነት መድኃኒቱን አይችልም? እስቲ እንደማያውቅ ሰው አስረጅኝ።»

ውሃ የጠጣ የለም። ዞሮ ልጅ የተቆጣ የለም። እኔ ያየሁትን ዶክተር ረድኤትም አየችው መሰለኝ፤ ከወትሮዋ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«አይቀንስም ጋሽ ማክቤል» አለች ቀስ ብላ። «ሙሉውን ነው የምንሰጠው። መድኃኒቱ የሚገጥመው መርዙን ነው፣ ልጅቷን አይደለም።» ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞረች። «ለልጅ ይቀነሳል ብሎ ያሰበ ሌላ ሰው አለ? እጅ አውጡ። ማንም አይሰረዝም፤ በራሱ አፍ የተናገረ አይነካም።»

መጀመሪያ ሲሶ ያለችው ሴት አወጣች። ቀጥሎ ግማሽ ያለችው። ከዚያ እጅ በእጅ ላይ ሆነ። ያላወጣ ሰው መፈለግ ይቀላል።

ዶክተር ረድኤት መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗ ቀልቷል። ለሦስት ዓመት በየመስከረሙ ይህን ትምህርት ሰጥታለች፤ እስካሁን አስተምራ ያወረደቻቸውን እያሰበች እንደነበር ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም።

«እሺ» አለች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከመጀመሪያው እንጀምራለን። አሁን ግን እኔ አላወራም፤ እናንተ ለእኔ ታስረዱኛላችሁ። የተሳሳተውን ሌላው ያርመዋል። ጋሽ ማክቤል ይጀምሩ። የአራት ዓመት ልጅ ተነድፋ መጣች፣ እናቷ ትጮሃለች፣ ምን ያደርጋሉ?»

ጋሽ ማክቤል ጀመሩ። መሐል ላይ ሳቱ፤ አንድ ወጣት አረማቸው፤ እሳቸው መልሰው እሱን አረሙት። ሰዓቱ አልፎ ነበር፣ ማንም አልወጣም።

«ማነው የጠየቀው?» ብሎ ጻፈልኝ አጥናፉ። «ከሌላ ኩባንያ የተቀጠረ ነው?»

«አይደለም» ብዬ መለስኩ። «የራሱ ጥያቄ ነው።»

እዚያ ቢሮ ውስጥ ይህ ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ እየጠየቀ ይሆናል።

«ታዲያ እርስዎ እዚያ ምን ይሠራሉ?»

«ምንም» አልኩት። በዚህ ሥራ ከጻፍኩት ሁሉ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ይህን ነው።

ውሌ እንደሚቋረጥ ወዲያው ጻፈልኝ፤ ይቅርታም ጨመረበት። አልከፋኝም። ብየዳውም ንቡም ይቀርብኛል፤ ያም ሆኖ እኔ ሶልያና ነኝ፣ ሰው ማናገር የማውቅ ሴት ሥራ አላጣም። ከክፍሉ በራሴ እንድወጣ ተጠየቅሁ። አልወጣሁም፤ ልጅቷ ምን እንደምትሆን መስማት ፈልጌ ነበር። ጋሽ ማክቤል ሙሉውን ሰጥተዋታል፣ አሁን እየተከራከሩ ያሉት እናቷን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ነው። ዶክተር ረድኤት አንድ ነገር ልትል ስትሞክር አላስጨርስ አሏት። ኩባንያው ሲያስወጣኝ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ይናገር ነበር።